ለዘበኛው ሽበት ስላበቀሉለት

የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዘመሮ።

ዘበኛዎ ምንይሉ ሞቷል።

ለተከበሩ የ«ሩቅ ጣቢያ» ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ዋና አዘጋጅና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ያ እሳት እየተፋ የሚነሣው መንኩራኩርዎም በደኅና መሰንበታችሁን እመኛለሁ፤ እኛም ደኅና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር፣ ነገር ግን የምጽፍልዎ ጉዳይ አያስችለኝም። ስሜ ዳኜ ይባላል። በዘመሮ ከተማ ከገበያው በላይ ሻይ ቤት አለኝ፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ስለ ሰቀልኩ ድራማዎን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በየቅዳሜው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወንበር እስኪጠፋ ከሚሞላው የሰፈሬ ሰው ጋር ስከታተል ኖሬያለሁ። አንድም ክፍል አላመለጠኝም። መብራት በጠፋ ቅዳሜ እንኳ ጄኔሬተር ተውሼ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከጠላት እንደመጣ አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አድናቂዎ ነኝ፤ አድናቂ ደግሞ ቅሬታ አያጣም። ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ። አገራችንን ፈለክ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ከሦስት ዓመት በፊት መኪናዎችዎን አሰልፈው ወደ ጓሳው እስኪመጡ ድረስ፣ ለግጦሽና ለሣር አጨዳ ብቻ የተፈጠረ የመሰለን ሜዳ «ዜራ» የምትባል፣ ከምድር እጅግ የራቀች፣ አየሯ የሚገድል፣ ሰው አልባ ፈለክ መሆኑን አናውቅም ነበር። ተዋናዮችዎ አየሩ እንዳይገድላቸው የመስታወት ቆብ ደፍተው ሲንገዳገዱ ከበስተኋላቸው የደጋው ተክል ጅብራችን ተገትሮ ይታያል፤ ከጅብራው ማዶ ደግሞ ጭስ። ሻይ ቤቱ በሙሉ «የይሥሐቅ ቤት! የይሥሐቅ ቤት!» ብሎ ጮኸ። ይሥሐቅ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀበሌ ለስብሰባ በጠራው ቁጥር «እኔ እኮ የለሁም፣ በቴሌቪዥን ተነግሯል» እያለ ይቀራል። ይህን እንኳ ቅሬታ ብለው አይመዝግቡት። ስቀንበታል።

ሁለተኛ። በዜራ ሰማይ ላይ ሁለት ፀሐይ አለ፤ የሰዉ ጥላ ግን አንድ ነው። ደግሞም ያ ሁሉ ሰው ሲሮጥ፣ ሲተኩስና ሲዋደድ እንጂ ሲበላ አይተን አናውቅም። በጾም ነው እንዳንል ቅቤ የመሰለ ነገር ከቱቦ ሲመጥጡ አይተናል። ይህም ይቅር።

ሦስተኛው ጉዳይ ዘበኛው ነው።

እርስዎ ብዙ ሥራ ስላለብዎ ረስተውት ይሆናል፤ ላስታውስዎ። ለጣቢያው በር የሚቆም፣ ቁመተ ረጅም፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ የማይስቅ ሰው ፈልገው በገበያ ቀን ዘመሮ ገበያ ውስጥ ሲዞሩ በግ ሊሸጥ የወጣውን ምንይሉን አዩት። ምንይሉ በዚያን ቀን ያልሳቀው በጉ ስላልተሸጠለት ነበር። እርስዎ ግን ለረዳትዎ «ይህ ፊት የህዋን ብቸኝነት ተሸክሟል» አሉት አሉ። ብርማ ልብስ አልብሰው፣ ዘንግ አስይዘው፣ ነፋስ ላይ አቆሙት። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንዲት ቃል አልተናገረም። በር ይከፍታል፤ በር ይዘጋል። ለእኛ ግን ድራማው እሱ ነበር። የጣቢያው አዛዥ ሻለቃዋ ስትሞት ከንፈሩን ያልመጠጠው ሰው ምንይሉ በሩን በከፈተ ቁጥር ያጨበጭብ ነበር።

እሱም መሐላችን ተቀምጦ ራሱን ያያል።

«ምንይሉ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አስገባህ?» ይሉታል።

«መታወቂያ የያዘውን።»

«ለመሆኑ ያ ብርማ ነገር ይሞቃል?»

«ከውስጥ ጋቢ ደርቤ ነው፤ ትከሻዬ እንደዚያ የገዘፈው በምን መሰለህ?»

እናቱ ወይዘሮ ጠጄ ከቴሌቪዥኑ ሥር አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቀመጣሉ። በስክሪኑ ላይ ነፋሱ ልጃቸውን ሲገፋው «በል እንግዲህ ግባ፣ ይበርድሃል» ይላሉ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ሻይ እየጠጣ «ጠጅዬ፣ ገብቻለሁ እኮ» ይላቸዋል። ሰው ይስቃል። ይህን የምጽፈው ወይዘሮ ጠጄ ድራማንና እውነትን መለየት የማይችሉ ሰው እንዳይመስሉዎት ነው። ከእኔ ይልቅ ይለያሉ።

ረዳትዎ ሲሄድ «ለሁለተኛው ምዕራፍ እንጠራሃለን፣ ስልክህን እንዳትዘጋ» ብሎት ነበር። አልዘጋም። ኔትወርክ የሚይዘው ከቤታቸው በላይ ካለው ድንጋይ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ስልኩን እዚያ አስቀምጦ ገብሱን ሲያርም ይውላል። ሁለተኛው ምዕራፍ ያለ ዘበኛ ተጀመረ። በሩ በራሱ የሚከፈት ሆነ። የሥልጣኔ እርምጃ ስለሆነ አልተቃወምንም። አምና ገብሱን ውርጭ መትቶት ስለነበር ዘንድሮ ምንይሉ ከጓደኛው ከአንዷለም ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ።

አራተኛ። ስለ አሟሟት።

በድራማዎ ውስጥ የሻለቃዋ ሞት ለባሏ የተነገረው ግድግዳ ላይ በበራ ቀይ መብራት ነው። መብራቱ ብልጭ አለ፣ ሰውየው አየው፣ አለቀ። ሻይ ቤቱ ውስጥ «ዘመድ የሌለው አገር» ተባለ። እኛ ዘንድ ሞት በመብራትም በስልክም አይነገርም፤ መርዶ የሚባል ነገር አለን፣ እርስዎም ሰምተው ይሆናል። መጀመሪያ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሩቅ ያለ ዘመድ ይጠራል። እድሩ ድንኳኑን ባለቤቶቹ ሳያዩ ያወጣል። ሐዘንተኛዋ በባዶ ሆዷ እንዳትሰማው በዋዜማው ጎረቤት አንድ ነገር ሠርቶ ይዞላት ይገባል፣ ካልበላሽ ብሎ ይጣላታል። ከዚያ በማለዳ፣ ሰው ሁሉ ከደጅ ቆሞ፣ የሚከበር ሰው ይገባና ይናገራል። እስከዚያች ማለዳ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ የማያውቅ መስሎ ይስቃል። ከባድ ሥራ ነው። ተዋናዮችዎ ለልምምድ ቢመጡልን ባልከፋ።

ምንይሉን በኅዳር ወባ ያዘው። አንዷለም በጀርባው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰው፤ ራሱም ትኩሳት ጥሎት ስለነበር ሌላ ክፍል አስተኙት። ሲነሣ «ጓደኛህን ቀበርነው» አሉት፤ አፈሩን አሳዩት። በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ አገሩ ገብቶ ለቄስ ኪዳነ ለብቻቸው ነገራቸው። ቄስ ኪዳነ ለእኔና ለጥቂት ሰዎች፣ ኋላም ለምንይሉ እኅት ለጽናት ነገሩ። የወይዘሮ ጠጄ እኅት ከራቤል እስኪመጡ፣ በዓሉም እንዳይበላሽ፣ መርዶው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ማለዳ እንዲሆን ተቆረጠ።

ከእሑድ በፊት ግን ቅዳሜ አለ።

አምስተኛ። ክፍል አሥራ ዘጠኝ።

በዚያ ቅዳሜ ሻይ ቤቱ ሙሉ ነበር። አገሩ ትንሽ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ያላወቀ ሰው አልነበረም፣ ከወይዘሮ ጠጄ በቀር። ሰው የመጣው ድራማ ለማየት ሳይሆን የማያውቅ ለመምሰል ነው። እሳቸው እንደ ወትሮው ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጡ፤ ዘበኛው በሁለተኛው ምዕራፍ አንድም ቀን ባይታይም «ምናልባት በኋላ ያስገቡት ይሆናል» ብለው ቅዳሜን አያስቀሩም። ጽናት ከጎናቸው ነበረች። አንዷለም በሩ አጠገብ።

በታሪኩ ውስጥ ሃያ ዓመት አለፈ። የጣቢያው በር ላይ መብራት በራ። ሰው ቆሟል። ጺሙ ሸብቷል፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለ። ምንይሉ ነው። ወደ እኛ ዞረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አፉን ከፈተ።

«እማ፣ አታልቅሺ። መንገድ ላይ ነኝ።»

ወይዘሮ ጠጄ እልል አሉ።

ክቡር ሆይ፣ አርባ ሰው ዝም ብሎ አንዲት ሴት ብቻዋን እልል ስትል ሰምተው ያውቁ ይሆን? የድምፅ ባለሙያዎ በቦታው አለመኖሩ የሚያስቆጭ ነው። ዞር ብለው አዩን። «ምነው? ምን ሆናችኋል? አጨብጭቡ እንጂ!» አሉን። አጨበጨብን። ቄስ ኪዳነም አጨበጨቡ። አንዷለም ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ።

«ሸበተ እኮ» አሉ ወይዘሮ ጠጄ ለልጃቸው። «ምን አግኝቶት ነው?»

«ቀለም ነው እማዬ፤ ይቀቧቸዋል» አለች ጽናት።

«ጠባሳውስ?»

«እሱም ቀለም ነው።»

«እንግዲያስ ደኅና ነው» አሉ፤ ሻይ ጨምርልኝ ብለው ብርጭቋቸውን አቀበሉኝ።

ጽናት ይህን ስትመልስ ፊቷን አላየሁም። ለማየትም አልፈለግሁም።

እስከዚህ የቆጠርኩት ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ለመስጠት አልቻልኩም።

እዚያው ከሻይ ቤቱ ጀርባ፣ ከማገዶ ክምሩ አጠገብ፣ አንዷለምን ከበብነው። «አፈሩን አየሁ ብለሃል፤ ፊቱን አይተሃል?» አለው ይሥሐቅ።

«ሳልደርስ ነው የቀበሩት።»

«ታዲያ ይኼ ማነው?»

«እኔንጃ። እኔ ተሸክሜው ነበር። ጀርባዬ ላይ ራሱን መቆጣጠር እንዳቃተው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እነሱ ናቸው የነገሩኝ።»

«የታመመ ጓደኛህን ጥለህ መጥተህ ይሆናላ!»

አንዷለም ብርጭቆውን ማገዶው ላይ አስቀመጠው። ቄስ ኪዳነ «ለቆመ ሰው መርዶ አላረዳም፤ እስኪጣራ ይቆይ» አሉ። ድንኳኑ ወደ እድሩ ቤት ተመለሰ፤ ከራቤል የመጡት እኅት ለጥምቀት የዘገዩ እንግዳ ተባሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዷለም በመንገድ ሲያልፍ «ቀባሪው» የሚሉት ሰዎች አሉ። ሻይ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

እኔም አልዋሽዎትም፤ አምኜ ነበር። ሰው ቆላ ወርዶ ይጠፋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ይታያል፣ አልፎ አልፎ ይሆናል። ሳላውቀው ጠዋት ጠዋት እያፏጨሁ ሻይ ማፍላት ጀምሬ ነበር። በእርስዎ ቸርነት ምንይሉ ለሁለት ሳምንት ያህል በሕይወት ኖሯል። ለዚህ ላመሰግንዎ ይገባኝ እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት፤ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ስልክም ደውያለሁ። ቢሮዎ ውስጥ የምትመልሰው ወጣት እጅግ ትሑት ናት፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። «እባክሽ ልጄ፣ ዘበኛው በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?» አልኳት። ሳቀች። «ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም የሚጠይቀን ይኼንኑ ነው! ታሪኩን አስቀድመን መናገር አይፈቀድልንም።» «ታሪኩን አይደለም፤ ልጁን ነው፣ ሰውየውን።» «ገባኝ ገባኝ፣ እኔም እወደዋለሁ። ክፍል ሃያን ይጠብቁ፣ አይቆጩም!» ለሁለተኛ ጊዜ ስደውል «እናቱ ናቸው የሚጠይቁት» አልኳት። «ወይኔ፣ እናቱ ደግሞ በክፍል ሃያ አንድ ትመጣለች!» አለችኝ፤ ከዚያ ደንግጣ «እንዳይናገሩብኝ» ብላ ለመነችኝ። አልተናገርኩባትም። አሁንም ስሟን አልጠቀስኩም።

ባለፈው ሐሙስ ግን እርስዎ ራስዎ መለሱልን። በመዝናኛ ዝግጅት ላይ በዚያ ባማረ ኮትዎ ቀርበው፣ እግርዎን አጣምረው፣ እንዲህ አሉ፦ «የመጀመሪያውን ተዋናይ አፈላልገን አጣነው። ቴክኖሎጂው ግን እሱን አላስፈለገንም። ከድሮው ምስል ፊቱን ወስደን አስረጀነው፤ ድምፁንም ፈጠርንለት።» ጋዜጠኛዋ አጨበጨበችልዎ። የት እንዳፈላለጉት አልነገሩንም። ስልኩ እስከ ኅዳር ድረስ ክፍት ነበር።

በዚያ ሰዓት ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ቄስ ኪዳነ፣ እኔና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህርት አርሴማ ነን። ቄስ ኪዳነ «ፊቱን ወስደን ማለት ምን ማለት ነው? ወዴት ነው የሚወስዱት?» አሉ። አርሴማ በስልኳ ፎቶ አነሣቻቸውና ጥቂት ነካካችው። የቄስ ኪዳነ ፊት በስልኩ ውስጥ ሣቀ፣ ዐይኑን ጠቀሰ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አለ። አዛውንቱ ስልኩን በእጃቸው ጀርባ ገፉት። «ይህን ከፊቴ አርቂልኝ» አሉ። ከዚያም «እንግዲህ አንዷለምን ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ እሑድም መርዶውን እናረዳለን» አሉ።

ከትናንት ወዲያ ሄድን። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሰብስበው ቆሙ፤ ቄስ ኪዳነ፣ ይሥሐቅና እኔ ገባን። ወይዘሮ ጠጄ ተነሥተው ነበር። ቤቱ በጠላ ጥንስስ ሸትቷል፤ ይመጣል ለሚሉት ልጃቸው ነው። ቄስ ኪዳነ ቆመው ጀመሩ። «ጠጄ፣ የሰጠም እሱ፣ የወሰደም እሱ ነው። ልጅሽ ምንይሉ በኅዳር...»

«ምንይሉ?» አሉ። «አባ፣ ምን ነካዎት? አብረን አየነው አይደል? እርስዎም አጨብጭበዋል።»

«ያ በኮምፒውተር የተሠራ ነው።»

«ድራማ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ሞኝ አታድርጉኝ። ጣቢያው ውሸት ነው፣ ሽበቱ ውሸት ነው። ግን ድራማ የሚጫወተው ሰው ነው። የሞተ ሰው ይጫወታል?»

የሞተ ሰው እንደሚጫወት የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ፤ እርስዎ ደግሞ ከመሐላችን አልነበሩም።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ዳኜ፣ ባንተ ቤት አይደል ያየሁት? ውሸት ከሆነ ለምን ታሳያለህ?» ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት የተነገረ መስሏት ልቅሶ ጀመረችና ሌሎቹ ሳይከተሏት ሲቀሩ አቋረጠች። «ማነው ያ?» አሉ ወይዘሮ ጠጄ። «ምን ሁናለች? አስገቧት፤ ትሙቅ።» ሁሉንም አስገቡ። አስቀመጡን፤ ዳቦ ቆረሱልን። በላን። ክቡር ሆይ፣ መርዶ ልናረዳ ሄደን ቁርስ በልተን፣ «በሰላም ያግባልሽ» ብለን መርቀን ተመለስን። ቄስ ኪዳነ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ በዕድሜያቸው ያረዱትን መርዶ ሁሉ ያመነ ሰው እንጂ የማያምን ገጥሟቸው እንደማያውቅ።

ጽናት ከዚያ ቀን ማታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። እናቷ «አስተካክዪ! በወንድምሽ ላይ ታሟርቻለሽ?» አሏት። አስተካከለች። አሁን ማልቀስ ስትፈልግ ወደ ሻይ ቤቴ ጓዳ ትመጣለች፤ ዕቃ የምታጥብ መስላ ቧንቧውን ትከፍታለች። ስትጨርስ ፊቷን ታጥባ ትሄዳለች። ትናንት አንድ ነገር ነግራኛለች፤ የእርስዎን ባለሙያዎች ሥራ ለማሻሻል ይጠቅም እንደሆነ ልንገርዎት። ምንይሉ እናቱን «እማ» ብሎ ጠርቶ አያውቅም። «ጠጅዬ» ነው የሚላቸው። ወይዘሮ ጠጄ ይህን ለምን እንዳላስተዋሉ ስጠይቃት «አስተውላለች» አለችኝ። «ከተማ ገብቶ ተለውጦ ነው ትላለች።»

ለምንይሉ እስካሁን በይፋ ፍትሐት አልተደረገም፤ አርባው አልወጣም፤ ደረት የመታለት ሰው የለም። አንዷለም ይቅርታ ተጠይቆ «እናቱ ሳታምን ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መልሷል። ዘበኛው በክፍል ሃያና ሃያ አንድ መንገድ ላይ ሰነበተ፤ በማስታወቂያዎ መሠረት ደግሞ በመጪው ቅዳሜ ዘበኛው ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለ የደስታ ፍጻሜ ለተመልካች ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። ቀላሉ፣ ያንን ክፍል ለጊዜው ያቆዩልን። ይህ ከማስታወቂያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደማይሆን ገምቻለሁ። ሁለተኛው፣ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ወይዘሮ ጠጄ የእኛን ቃል አላመኑም፤ የቄስም ቃል አላመኑም፤ ያመኑት የእርስዎን ሥራ ነው። ልጁን ከእኛ ከሁላችን በኋላ ያዩት እርስዎ ነዎት፣ ያስነሡትም እርስዎ ነዎት። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ጠጄ ፊት ቆመው «ያየሽው ልጅሽ አይደለም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት» ቢሏቸው ይበቃል። እኛ ከአጥሩ ውጭ እንቆማለን። ካሜራ ባይዙ ይመረጣል። ልብስዎ ወፍራም ይሁን፤ አየሩ እንደሚገድል ራስዎ ተናግረዋል።

በመጨረሻም፣ ምንይሉ ሲሞት ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። በሃምሳ ዓመቱ ምን ይመስል እንደነበር ማንም እናት፣ ማንም እኅት፣ ማንም ጎረቤት ሊያውቅ አይችልም ነበር። እኛ ግን አየነው። ሽበቱ ያምርበታል። ይህን ስላሳዩን ከልብ እናመሰግናለን።

መንኩራኩርዎ በሄደበት ሁሉ በሰላም ይረፍልዎት፤ ሽልማትዎ ይብዛ፤ ቤትዎ የሚያንኳኳ ሁሉ የደስታ መልእክተኛ ይሁንልዎት እያልኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እነሣለሁ።

የማያቋርጥ ተመልካችዎ፣
ዳኜ፣ ባለ ሻይ ቤት
ከዘመሮ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ በፌስቡክ ገጽዎ ላይ ለመለጠፍ አስቤያለሁ፤ እንደ ሌሎቹ አስተያየቶች «ስለ ፍቅርዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስና የልብ ምልክት እንደማይነፍጉኝ አምናለሁ።

አሁንም ሌላ የሚጨመር አለ። ደብዳቤውን በኮምፒውተር የምትጽፍልኝ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ቤተል እዚህ ላይ እጇን አቆመችና «ጋሽ ዳኜ፣ እትዬ ጠጄ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። በመስኮቱ አየሁ። ናቸው። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ዘንቢል ይዘዋል፤ በደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ደረጃ ላይ አንድ እግራቸውን አውጥተዋል። ጽናት ከኋላ እየሮጠች ነው፤ የምትደርስባቸው አይመስለኝም። ትናንት ጓዳዬ ውስጥ «እናቴ ሥራ በዝቶበት ከሆነ እኔ ልሂድለት ትላለች» ብላኝ ነበር፤ እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብለን አላሰብንም። አዲስ አበባን አያውቋትም። የሚያውቁት የድራማዎን ስምና የእርስዎን ፊት ብቻ ነው። ካልደረስኩባቸው ነገ ቢሮዎ ይመጣሉ፤ ያቺን ትሑት ልጅ «ምንይሉን ጥሩልኝ» ይሏታል።

የአውቶቡሱ ረዳት እንሂድ እያለ በሩን እየመታ ነው። ቤተል «ስንት ቅጂ ላውጣ?» ትለኛለች። የምልሽን ሁሉ ጻፊ ብያታለሁ፤ ይህንንም ትጻፈው፦ እየወጣሁ ነው።